ከሸክላው ጀርባ የቀሩት መምህራን፦ በብሉግራስና በካንትሪ ሙዚቃ አገር የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ አፖማቶክስ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ብሉግራስ፣ በባንጆ፣ በቫዮሊንና በማንዶሊን የሚመታው የአሜሪካ የተራራ አገር ሙዚቃ፣ የደጅ ሙዚቃ ነው። ዘ ሰልደም ሲን የተባለው ዝነኛ ቡድን በከተማችን በርችሚር አዳራሽ ለዓመታት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ይጫወት ነበር። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ የዚህ ሙዚቃ መናኸሪያ የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ ጠባቡ እርሻና የከሰል ጉድጓዱ ማኖር ያቃታቸው የአፓላቺያ ተራራ ሰዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ባልቲሞርና ወደ ዲትሮይት ፈለሱ። ሲፈልሱም ዜማቸውን ይዘው ነው። ዛሬ እኛ ኢትዮጵያውያን ሱቅና ምግብ ቤት በከፈትንበት አካባቢ ከእኛ ቀድመው አገራቸውን እየናፈቁ የኖሩት እነሱ ናቸው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ወደ ምንጩ መውረድን ስመኝ ቆይቻለሁ።

ፍለጋዬ ግን ዝነኞቹን ብቻ የተመለከተ አይደለም። የካንትሪ ሙዚቃን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። ከእያንዳንዱ ትልቅ ስም ጀርባ ያስተማረ ሰው አለ፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፤ ሸክላው ላይም ስሙ አልተጻፈም። መንገዴን ያወጣሁት የእነዚያን መምህራን ዱካ ተከትዬ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አፖማቶክስን አሜሪካውያን የሚያውቋት ኤፕሪል 9 ቀን 1865 ጄኔራል ሮበርት ሊ ለጄኔራል ግራንት እጁን ስለሰጠባት ነው። ጎብኚውም የሚመጣው ያንን ቤት ለማየት ነው። እኔን ያመጣኝ በ1810 በዚሁ አካባቢ የተወለደው ጆኤል ዎከር ስዊኒ ነው። ባንጆን፣ ፊቱ ቆዳ የሆነውን የክር መሣሪያ፣ መድረክ ላይ በመጫወት በስም የሚታወቀው የመጀመሪያው ነጭ እሱ ሲሆን፣ የተማረውም በአካባቢው በባርነት ይኖሩ ከነበሩ ጥቁሮች ነው። የስዊኒ ስም፣ የትውልድ ዘመኑና የተሻገረባቸው የእንግሊዝ መድረኮች ሳይቀሩ ተመዝግበዋል። ያስተማሩትን ሰዎች ስም የጻፈ የለም።

ባንጆን የፈለሰፈው ስዊኒ ነው፣ ቢያንስ አጭሯን የአውራ ጣት ክር የጨመረው እሱ ነው ሲባል ኖሯል። ይህን አፈ ታሪክ የሚያፈርስ አንድ የውኃ ቀለም ሥዕል ዊሊያምስበርግ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከ1785 እስከ 1790 ባለው ጊዜ በደቡብ ካሮላይና የተሣለ ነው። በባርነት የተያዙ ሰዎች ሲጨፍሩ፣ አንዱ ተቀምጦ ከቅል የተሠራ ባንጆ ሲመታላቸው ያሳያል። አጭሯ ክር በአንገቱ ጎን ቁልጭ ብላ ትታያለች። ያን ጊዜ ስዊኒ ገና አልተወለደም። ቶማስ ጄፈርሰንም ስለ ቨርጂኒያ በጻፈው መጽሐፍ ጥቁሮቹ መሣሪያውን ከአፍሪካ ይዘውት እንደመጡ አስፍሯል።

አንድ ወዳጄ ባንጆን ከክራር ጋር ሊያዛምደው ይወዳል። ዝምድናው ግን ከምዕራብ አፍሪካ ነው። በሴኔጋምቢያ የጆላ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጫወቱት አኮንቲንግ ገላው ቅል፣ ፊቱ ቆዳ፣ አንገቱ ረጅም ዘንግ ነው። ከሦስቱ ክሮቹ አንዷ አጭር ስትሆን የምትነካው በአውራ ጣት ነው። ሌላውን ክር ተጫዋቹ በጥፍሩ ጀርባ ወደ ታች ይመታዋል እንጂ ወደ ላይ አይስበውም። የአፓላቺያ ሽማግሌዎች ክሎውሃመር የሚሉት አመታትም ይኸው ነው። የመምህሩ ስም ጠፍቶ የእጁ አመታት ውቅያኖስ ተሻግሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘልቋል። ይህ እጅግ ይደንቀኛል።

ከስዊኒ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ከ1843 ጀምሮ ነጮች ፊታቸውን በጥላሸት አጥቁረው፣ ባንጆ ይዘው፣ በጥቁሮች ላይ የሚሳለቁበት ትርኢት የአሜሪካን መድረክ ሞላው። ብዙ ጥቁሮች በኋላ ዘመን ባንጆን እንዲተዉት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ውርደት ነው። ባለቤቱ ሲሸሸው ተማሪው የራሱ ርስት አደረገው።

ዓርብ፣ ፍሎይድ

ከሊንችበርግ ወደ ሮአኖክ ስሻገር ታላቁን የሠረገላ መንገድ አቋረጥኩ። በ18ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን አየርላንዷ አልስተር የመጡ የስኮትላንድ ዘር ያላቸው ሰፋሪዎች ከፊላዴልፊያ ተነሥተው፣ በሼናንዶዋ ሸለቆ ወርደው ወደ ተራሮቹ የገቡት በዚህ ነው። ቫዮሊኑንና ረጃጅሞቹን የትረካ ዘፈኖች ያመጡት እነሱ ናቸው። ከዘፈኖቹ አንዱ፣ አንዲት ልጅ በፍቅሯ የታመመውን ወጣት ችላ ብላው ሲሞት እሷም ተከትላው የምትሞትበት የባርባራ አለን ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ ይህንኑ ዘፈን መስማቱን በ1666 በማስታወሻው ጽፏል። በተራራው ውስጥ ከቅድመ አያት ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፈ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል።

ሴሲል ሻርፕ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር ከ1916 እስከ 1918 ድረስ ከረዳቱ ከሞድ ካርፐለስ ጋር በእነዚህ ተራሮች እየዞረ ዘፈን ሰበሰበ። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው፤ ብዙ ዜማ ከመጥፋት አድኗል። ሆኖም የሚፈልገው የእንግሊዝን አሮጌ ዘፈን ስለነበር ጥቁሮቹን በአመዛኙ አልፏቸዋል። የተራራው ሙዚቃ ንጹሕ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ቅርስ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደው እንዲህ ባለው አሰባሰብ ነው።

በፍሎይድ ከተማ ዓርብ ማታ የመንደሩ ሱቅ ወደ ጭፈራ ቤት ይለወጣል። መጀመሪያ መንፈሳዊ መዝሙር ይዘመራል፤ ከዚያ ወንበሩ ይነሣና ቫዮሊኑና ባንጆው ይጀምራሉ። አያቶች፣ ጎረምሶች፣ የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት ጫማቸው ሥር ብረት አስመትተው ወለሉን ይደልቁታል። ከወገብ በላይ ቀጥ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀው፣ እግራቸው ብቻ ይናገራል። ቫዮሊኑና ባንጆው አንዱን ዜማ አብረው ይዘው ይሄዳሉ። ቫዮሊኑ ዜማውን ያለ ማቋረጥ ሲያስረዝመው ባንጆው ያንኑ ዜማ እየቆራረጠ ይመታዋል። አውሮፓና አፍሪካ በአንድ ወለል ላይ ተገናኝተው ሲሠሩ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ውጭ በእግረኛ መንገዱ ላይ በየማዕዘኑ ክብ ሠርተው የሚጫወቱ ነበሩ። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት ባንጆ ይዘው ሲያርፉ ጠጋ ብዬ፣ “ከማን ተማሩት?” አልኳቸው።

“ከአባቴ።”

“አባትዎስ?”

ጥቂት አሰቡ። “የባቡር ሐዲድ ሊሠሩ ከመጡ ሰዎች ይል ነበር። ስማቸውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም” አሉኝ። ከዚያ ለእኔ ብለው ቀስ አድርገው አንድ ዜማ መቱልኝ፤ አውራ ጣታቸው አጭሯን ክር ሲነካ እንዳይ እጃቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

ቅዳሜ፣ ብሪስቶልና ሂልተንስ

ጋላክስን በጥድፊያ አለፍኳት፤ ከ1935 ጀምሮ በየነሐሴው የቫዮሊን ተጫዋቾች ውድድር የሚካሄድባት ከተማ ናት። በ1925 ኒው ዮርክ ሄደው የተቀረጹና ራሳቸውን ሂል ቢሊስ ያሰኙ ሙዚቀኞችም ከዚህ አካባቢ ናቸው። የካንትሪ ሙዚቃ ለብዙ ዓመታት በዚያ ስም ሲጠራ ኖሯል።

ብሪስቶል ላይ ግን ቀኔን አጠፋሁ። ስቴት ጎዳና መሐል ለመሐል የክልል ድንበር ነው፤ አንዱ የእግረኛ መንገድ ቨርጂኒያ፣ ማዶው ቴነሲ። በቴነሲው በኩል ቴይለር ክርስቲያን የተባለ የባርኔጣ ኩባንያ ሕንፃ ነበረ። ዛሬ ሕንፃው የለም፤ ምልክት ብቻ ቆሟል። የቪክተር ሸክላ ኩባንያ ሰው ራልፍ ፒር በ1927 ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 5 ድረስ እዚያ ተቀምጦ ከ19 ቡድኖች 76 ዘፈኖች ቀረጸ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1998 ብሪስቶልን የካንትሪ ሙዚቃ የትውልድ ስፍራ ብሎ እውቅና የሰጣት በዚህ ነው።

ፒር አዲስ ሰው አልነበረም። ቀደም ሲል በኦኬ ኩባንያ የጥቁሮችን ብሉዝ በማስቀረጽ ሥራ ውስጥ ነበር፤ በ1923ም ፊድሊን ጆን ካርሰንን በአትላንታ ቀርጾ የገጠር ነጮች ዘፈን ገበያ እንዳለው አይቷል። ኩባንያዎቹ ያን ጊዜ ሸክላውን ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ መደብ ለጥቁር ገዢ፣ ሌላው ለነጭ ገዢ። ሙዚቀኞቹ ግን አንዱ የሌላውን ዜማ ይጫወቱ ነበር። የካንትሪና የብሉዝ ድንበር የተሠመረው በአብዛኛው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቀረጻው መሐል የከተማው ጋዜጣ አንድ ወሬ አወጣ። ኧርነስት ስቶንማን የተባለው የጋላክስ አካባቢ ዘፋኝ ባለፈው ዓመት ከሸክላ 3,600 ዶላር አገኘ የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ለተራራ ሰው የማይታመን ሀብት ነው። ወሬውን የሰማ ሁሉ በባቡር፣ በሠረገላ፣ በእግር ጎረፈ። ኦገስት 1 ቀን በኋላ ዝነኛ የሆኑት ሦስቱ የካርተር ቤተሰብ አባላት ፒር ፊት ቀረቡ፤ ኤ.ፒ.፣ ሚስቱ ሣራ፣ የሣራ የአጎት ልጅ የሆነችው ሜይቤል። ሜይቤል የ18 ዓመት ልጅና የደረሰች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሣራ ደግሞ የሚጠባ ሕፃን ይዛለች። ርቀቱ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በዚያ መንገድ፣ ጎማው እየተበሳ፣ ቀኑን ሙሉ ፈጅቶባቸዋል። ኦገስት 4 ቀን ደግሞ ጂሚ ሮጀርስ የተባለ፣ በሳንባ ነቀርሳ የታመመ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ ገባ። አብረውት የመጡት ሙዚቀኞች ስለተጣሉት ብቻውን በጊታሩ ዘፈነ። ከጥቁር የባቡር ሠራተኞች የሰማውን ብሉዝ ከዮድል፣ ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን እያዘለሉ ከሚዘፍኑበት ስልት፣ ጋር ያዋሃደው ይህ ሰው በ1933 በ35 ዓመቱ ሲሞት የአገሩ ትልቅ ኮከብ ሆኖ ነበር።

ፒር ከቪክተር ደመወዝ አይቀበልም ነበር። በምትኩ የዘፈኖቹን የባለቤትነት መብት ወሰደ። ስለዚህ የሚፈልገው በማንም ስም ያልተመዘገበ ዘፈን ነው። ኤ.ፒ. ካርተር በየመንደሩ እየዞረ ዘፈን እንዲለቅም ያስገደደው ይህ ሕግ ነው። እዚህ ላይ የምፈልገው ሰው ብቅ ይላል።

ሌስሊ ሪድል የኪንግስፖርት ቴነሲ ጥቁር ጊታሪስት ነበር። በሲሚንቶ ፋብሪካ አደጋ አንድ እግሩን አጥቷል። ኤ.ፒ. ግጥሙን ሲጽፍ ሪድል ዜማውን በአእምሮው ይይዛል፤ አንድ ጊዜ የሰማው አይጠፋበትም። ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ጠረጴዛ መብላት በማይችሉበት ዘመን ሁለቱ አብረው አገር ዞሩ። ሪድል በካርተሮች ቤት ሲያርፍ ሜይቤል አጠገቡ ተቀምጣ ጣቶቹን ትመለከት ነበር። በአውራ ጣት ዜማውን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየመቱ በሌላው ጣት ምቱን የሚይዙበት የእሷ አጨዋወት ለካንትሪ ጊታር መሠረት ሆኗል። ከሪድል ብዙ እንደተማረችም ይታወቃል። ዘፈኖቹ ግን የተመዘገቡት በኤ.ፒ. ካርተር ስም ነው። ሪድል በ1940ዎቹ ወደ ሮቸስተር ኒው ዮርክ ሄዶ ጊታሩን ሸጠ። ማይክ ሲገር የተባለው ሙዚቀኛና ሰብሳቢ በ1960ዎቹ አፈላልጎ አግኝቶ ባይቀርጸው ኖሮ ድምፁን አንሰማውም ነበር።

ማታ ሂልተንስ ወደሚገኘው የካርተር ፎልድ ሄድኩ። የኤ.ፒ.ና የሣራ ልጅ ጃኔት በ1970ዎቹ የመሠረተችው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዚቃ የሚሰማበት አዳራሽ ነው። መጠጥ የለም፤ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አይገባም። ከዚህ ሕግ ነፃ የነበረው የሜይቤልን ልጅ ያገባው ዝነኛው የካንትሪ ዘፋኝ ጆኒ ካሽ ነበር፤ ጁላይ 5 ቀን 2003 ለመጨረሻ ጊዜ በሕዝብ ፊት የዘፈነውም እዚህ ነው፤ ሚስቱ ጁን ከሞተች ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር። ኤ.ፒ. የተወለደባት የእንጨት ጎጆም ወደዚሁ ግቢ ተወስዳለች። በጎጆዋ በር ላይ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሪድል ነው። ለእሱም እንዲህ ያለ ጎጆ ይገባው ነበር።

እሑድ፣ ክሊንትዉድ

ጠዋት በአንድ ትንሽ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መሣሪያ የለም። አንድ ሽማግሌ አንዱን መስመር በፍጥነት ያነበንባል፤ ምእመኑ ያንኑ ቃል ተቀብሎ፣ እያጎተተ፣ እያንዳንዱ በራሱ ጌጥ ያዜመዋል። መጽሐፍ ብርቅ በነበረበትና ማንበብ የሚችለው ጥቂት በነበረበት ዘመን የተፈጠረ ስልት ነው። በዚህ አውራጃ የተወለደው ራልፍ ስታንሊ ያንን ድምፅ ወደ ብሉግራስ ይዞት ገባ። ያለ ምንም አጃቢ ስለ ሞት ሲዘፍን የሰማ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ክሊንትዉድ ላይ ሙዚየም አለው። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ድረስ ኬንታኪን አቋረጥኩ፤ መንገዱ ረጅም፣ ዝናቡም ከባድ ነበር።

ሰኞ፣ ሮዚን

የኬንታኪዋ ሮዚን ከመንገድ ዳር የተበተኑ ጥቂት ቤቶች ናት። የብሉግራስ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1911 ከዚህ ወጣ ብሎ ከሚገኘው ኮረብታ ላይ ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ሲሆን ዓይኑም ደካማ ነበር። ታላላቆቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለያዙት ለእሱ ማንዶሊኑ፣ ትንሹ የክር መሣሪያ፣ ተረፈው። እናቱ በአሥር ዓመቱ ሞተች፤ በ1928 አባቱ ተከተለ። የወሰደው አጎቱ ፔን ቫንዲቨር ነው፤ በቅሎ ጥላው የተሰበረ፣ በምርኩዝ የሚሄድ የጭፈራ ቫዮሊን ተጫዋች። ልጁ ከአጎቱ ኋላ በበቅሎ ተፈናጦ ማታ ማታ ወደ ጭፈራ ይሄድ ነበር። ሁለቱም ዛሬ በሮዚን መቃብር ስፍራ አርፈዋል።

ሁለተኛው መምህሩ አርኖልድ ሹልዝ ነው። በ1886 በዚሁ በኦሃዮ አውራጃ የተወለደ፣ በከሰል ጉድጓድ የሚሠራ ጥቁር ጊታሪስትና ቫዮሊን ተጫዋች። ሞንሮ ገንዘብ ተከፍሎት ለመጀመሪያ ጊዜ ጭፈራ ላይ የተጫወተው ከሹልዝ ጋር ነው፤ በሙዚቃው ውስጥ ያለው ብሉዝም ከእሱ እንደመጣ በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። የሹልዝ የአውራ ጣት አጨዋወት ደግሞ በኬኔዲ ጆንስና በሞዝ ሬገር በኩል ወደ መርል ትራቪስ፣ ከትራቪስም ወደ ቼት አትኪንስ ደርሷል። ግማሹ የካንትሪ ጊታር ከዚህ ሰው እጅ ይመዘዛል ማለት ነው። በ1931 ሞቶ ሞርጋንታውን ተቀበረ። አንድም ሸክላ አላስቀረጸም።

ሞንሮ ለአጎቱ ዘፈን አውጥቶለታል፤ ፔን የሚለው ስም ብሉግራስ በሚሰማበት ሁሉ ይታወቃል። ሹልዝ ግን ዘፈን አልወጣለትም። ዓለም አቀፉ የብሉግራስ ሙዚቃ ፋውንዴሽን ጥቁር ሙዚቀኞችን ለመደገፍ በስሙ ፈንድ ያቋቋመው በ2020 ነው፤ ከሞተ 89 ዓመት በኋላ። ዘግይቷል፤ ሆኖም በመደረጉ ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ናሽቪል

አዲስ አበባ ያደግን ብዙዎቻችን ናሽቪልን ያወቅናት በካሴት ነው። ጂም ሪቭስ፣ ዶሊ ፓርተን፣ ኬኒ ሮጀርስ ከእኛዎቹ ዘፋኞች ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጡ ነበር። ስለዚህ ራይማን አዳራሽ ስደርስ እንግድነት አልተሰማኝም። ሕንፃው በ1892 ለወንጌል ስብከት የተሠራ ሲሆን እስከ ዛሬም መቀመጫው የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ከ1943 እስከ 1974 የተሰራጨው ከዚህ መድረክ ነው።

ብሉግራስ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘውም እዚሁ ነው። በዲሴምበር 1945 የ21 ዓመቱ ኧርል ስክራግስ የቢል ሞንሮን ቡድን ተቀላቀለ። ከሰሜን ካሮላይና የመጣው ይህ ልጅ ባንጆውን በሦስት ጣት እንደ ጅረት ያፈሰዋል። አጨዋወቱ በትውልድ አካባቢው እነ ስሚዝ ሃሜትና ስነፊ ጄንኪንስ የጀመሩት ነበር፤ እሱ ፍጥነትና ጥራት ሰጠው። ማንዶሊኑ በምቱ መሐል እየቆረጠ ይገባል፤ ጊታሩና ባሱ መሬቱን ይይዛሉ፤ ቫዮሊኑ ያለቅሳል። ሙዚቀኞቹ በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ እየተፈራረቁ አንዱ ሲጠጋ ሌላው ያፈገፍጋል። ከላይ የሞንሮ ቀጭን ከፍተኛ ድምፅ ይንሳፈፋል። ቡድኑ በ1946 ያስቀረጸውን የሞንሮን ዘፈን ከስምንት ዓመት በኋላ ኤልቪስ ፕሬስሊ በመጀመሪያው ሸክላው ጀርባ ላይ ዘፈነው።

ሐርሞኒካ ተጫዋቹ ዲፎርድ ቤይሊ ደግሞ በግራንድ ኦል ኦፕሪ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ኮከብ ነው። በ1927 አንድ ማታ አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ ከክላሲካል ሙዚቃ ዝግጅት በኋላ ተረክቦ፣ እስካሁን ግራንድ ኦፔራ ሰማችሁ፣ አሁን ግራንድ ኦል ኦፕሪ ትሰማላችሁ በማለት ለዝግጅቱ ስሙን ሲያወጣለት፣ ልክ ከዚያ በፊት የተጫወተው ቤይሊ ነበር። በትንፋሹ ባቡር ከሩቅ መጥቶ ሲያልፍ ያሰማል። ከሌሎቹ ጋር ለሥራ ሲጓዝ እነሱ በሚያርፉበት ሆቴል መተኛት አይፈቀድለትም ነበር። በ1941 ከኦፕሪ ተሰናበተ፤ ከዚያ በኋላ ኑሮው የጫማ ማስዋቢያ ቤቱ ሆነ። በ1982 ሞተ። ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ የገባው በ2005 ነው።

ረቡዕ፣ ሜበን

የመልስ መንገዴን በሰሜን ካሮላይና በኩል ያደረግኩት ለአንድ ሰው ስል ነው። ጆ ቶምፕሰን በ1918 ተወልዶ፣ ሜበን በሚገኝ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ዕድሜውን ሠርቶ፣ ከአጎቱ ልጅ ከኦዴል ጋር የጥቁሮችን የቫዮሊንና የባንጆ ሙዚቃ ያቆየ ሰው ነው። ከቤተሰቡ የተማረውን፣ በጭፈራ ቤት የሚሰማውን ያንኑ ዜማ ሌላው ሁሉ ሲተወው አልተወውም።

በ2005 ቡን በምትባል ከተማ ጥቁር የባንጆ ተጫዋቾች ተሰብስበው ነበር። እዚያ የተዋወቁት ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተባሉ ወጣቶች በየሳምንቱ ወደ ቶምፕሰን ቤት እየመጡ እግሩ ሥር ተቀምጠው ተማሩ። ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ብለው ቡድን አቋቋሙ፤ በ2011 የግራሚ ሽልማት ተቀበሉ። ከማን እንደተማሩም በየመድረኩ ተናገሩ። ቶምፕሰን በ2007 የአገሪቱን ትልቁን የባህል ጥበብ ክብር በሕይወቱ አግኝቶ በ2012 አረፈ።

ከሜበን እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ መኪና ውስጥ የሰማሁት የእሱን ቫዮሊን ነው። ሪችመንድ አካባቢ ላይ ደግሜ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።